ወይዘሮ ዘይቱ የሙዚየሙን ገመድ የፈቱበት ዜና

በዘመነ ስብሰባ፣ ቢፒአር የተባለው የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ባለ አንድ ክፍሉን ሙዚየም ይጠብቁ የነበሩ እመ መክፈቻ፣ መጥረጊያቸው የማይዝል ወይዘሮ ዘይቱ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው።

የከተማይቱ ከንቲባ አቶ ብሩክ አዲሱን የከተማ ፕላን በመስተዋት አስገብተው ለበዓል እንግዶች ጌጥ ይሆን ዘንድ ወደ ሙዚየሙ ላኩ፤ ወይዘሮ ዘይቱም ከማር ቀፎውና ከአሮጌው ጦር መካከል ሰቅለው ሲወለውሉት፣ ሴቱ ሁሉ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ «የእንግዶች መኪና ማቆሚያ» ተብሎ ተጽፎ አገኙት፤ ሠላሳ ዓመት ከዚያ ምንጭ ቀድተዋልና መወልወያቸውን ጥለው ከጦሩ ሥር ተቀመጡ።

ወእምዝ ተነሡ። በገበያ ቀን «መጠጋት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተንጠለጠለበትን ገመድ ፈቱት፤ ከደጃፉም ቆመው አወጁ፦

«ጀሪካን የያዛችሁ ሁሉ ግቡ! ዛሬ መጠጋትም መጠየቅም ተፈቅዷል! ማንበብ ለማይችል እኔ አነብለታለሁ!»

ያን ጊዜ ዘመቱ፦ ወይዘሮ አማረች ከነጀሪካናቸው፣ ማር ነጋዴው ሻሚል ከነሚዛኑ፣ መምህር ይስሐቅ ከነጠመኔው፣ ሙዝ ሻጮችም ከነቅርጫታቸው፤ ከብዛታቸውም የተነሣ የነብሩ ቆዳ ከግድግዳ ወደቀ፤ ያነሣውም አልነበረም።

ከንቲባውም ጸሐፊያቸውን፣ ሾፌራቸውንና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያቸውን አስከትለው ደርሰው አወጁ፦

«ሙዚየም ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያሳይም! ፕላኑ ይውረድ!»

ወይዘሮ ዘይቱም በታላቅ ድምፅ መለሱ፦

«ክቡር ከንቲባ፣ ፕላኑ ከጸደቀ ያለፈ ነገር ነው፤ ያለፈ ነገር ደግሞ የሚሰቀለው እዚሁ ነው። ካልጸደቀ ሰው ይናገርበት!»

ክቡርነታቸውም ጣራውን አዩ፣ ሾፌራቸውን አዩ፣ በመጨረሻም ወባ እንደያዘው ሰው በቀጭን ድምፅ «አልጸደቀም» ሲሉ አወጁ። ሕዝቡም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተናገረ፤ መምህር ይስሐቅ ጻፈ፤ ምክር ቤቱም በሳምንቱ መኪና ማቆሚያውን ወደ ከንቲባው ቢሮ ጓሮ አዛወረ፤ ምንጩም ለቀጂዎቹ ቀረ።

ወደ ዞን የተላከው ሪፖርት ግን «አስተዳደሩ በራሱ ተነሣሽነት ሕዝቡን አወያየ» አለ፤ ከንቲባው የምስክር ወረቀት፣ ወይዘሮ ዘይቱ ደግሞ «ያለ ፈቃድ ገመድ በመፍታት» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበሉ።

እንግዲህ ሪፖርቱ የዘለለውን ስም እኛ በደማቁ እንጽፋለን፦ ዘይቱ! ያለ በጀት ምክር ቤት ያቆሙ፣ ያለ አበል ሕዝብን ያወያዩ፣ ሹምን በአደባባይ አንድ እውነተኛ ቃል ያናገሩ፤ ከእርሳቸው በፊት ይህን የቻለ በከተማይቱ አልተሰማም።