ጭስ አልባው ምድጃ

በአንድ የብረት ማቅለጫ ውስጥ ሁለት ምድጃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ በድንጋይ ከሰል የሚነድ፣ ጥቀርሻ የጠገበ አሮጌ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያነደደውን ሰው፣ ሲናደድ ቁና ቁና ስለሚተነፍስ «ወናፍ» ይሉታል። ሌላው በቅርቡ የተተከለ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነው። የሚያሠራው የወናፍ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ የማያውቀው ነገር የለምና «ሊቁ» ይባላል። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ፊት አዲሱ ብረት ካወጣ አሮጌው ይዘጋል፤ ወናፍም ቤቱ ይገባል። ይሄ ሁሉ ጉድ እያለ ሁለቱ የተያያዙት በአካፋ ጉዳይ ነው።

ሊቁ፦ (ነጭ ጋዋኑን እያራገፈ) ጋሼ፣ ስንቴ ልንገርህ! ይሄን አካፋ ምድጃዬ ላይ አታስደግፍ!

ወናፍ፦ ቆመ እንጂ ምን አለህ?

ሊቁ፦ ያቆሽሸዋላ! ሥራ አስኪያጁ አሁን ከች ይላሉ።

ወናፍ፦ እሺ፣ ከሰሉን በምን ልትዝቅ ነው?

ሊቁ፦ ከሰል የለም አልኩህ እኮ! በሃይድሮጅን ነው የሚሠራው። ከውሃ የሚወጣ ጋዝ ነው።

ወናፍ፦ ኧረ ጉድ! እሳት ላይ ውሃ? እህትህ ሰምታለች?

ሊቁ፦ ውሃ አልደፋበትም! ስማ፤ ብረት የሚወጣበት ድንጋይ ውስጥ ብረቱን አንቆ የያዘ ኦክስጅን አለ። ያንተ ከሰል ኦክስጅኑን ይነጥቅና ጭስ ይሆናል። የኔ ሃይድሮጅን ይነጥቅና ውሃ ይሆናል።

ወናፍ፦ ቆይ ቆይ። ከውሃ አውጥተኸው፣ ተመልሶ ውሃ?

ሊቁ፦ አዎ!

ወናፍ፦ ታዲያ ውሃውን በሰላም ብትተወው ምን ነበረበት?

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረህ! መሃል ላይ ብረቱ ይቀራላ!

ወናፍ፦ እሱስ ደግ። ጋዙን ከውሃው የሚለየው ማነው?

ሊቁ፦ ኤሌክትሪክ።

ወናፍ፦ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል?

ሊቁ፦ ከሶኬቱ ነዋ!

ወናፍ፦ ሶኬቱስ ከየት ያመጣዋል?

ሊቁ፦ (በሳቅ እየፈረሰ) ከሽቦው! ሽቦው ከግድግዳው! ልጆችህ እንኳ እንዲህ አይጠይቁም።

ወናፍ፦ ከግድግዳው ጀርባ እኮ አንድ ወፍራም ቧንቧ—

ሊቁ፦ ቧንቧ ለኔ? ስድስት ዓመት የተማርኩት ስለ ቧንቧ ነው! ይልቅ ሂድና ያን ጭሳም ምድጃህን አጥፋ። ሥራ አስኪያጁ ሲገቡ አንዲት ጭስ እንዳያዩ።

ወናፍ፦ አንዴ ከጠፋ እኮ ውስጡ ያለው ብረት ይረጋና አለቀለት።

ሊቁ፦ እሰይ ነዋ!

ወናፍ፦ እኔስ? የእህትህ ልጆችስ?

ሊቁ፦ የዘበኝነት ሥራ እፈልግልሃለሁ።

ወናፍ፦ ያ ቧንቧ ግን—

ሊቁ፦ አጥፋ አልኩህ!

(ወናፍ ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣ። ሊቁ አካፋውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ጥግ ወረወረው። ወናፍ ሲመለስ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።)

ወናፍ፦ ጨርሻለሁ።

ሊቁ፦ ጎሽ! (ማብሪያውን ተጫነ፤ አዲሱ ምድጃ ማጉረምረም ጀመረ) ሰማህ ጋሼ? ይሄ የነገ ድምፅ ነው!

(ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አምፖሎቹ ደበዘዙ፤ ከዚያ ድርግም አሉ።)

ወናፍ፦ ነገ እንቅልፍ ወሰደው መሰለኝ።

ሊቁ፦ መብራቱ ምን ሆነ?

ወናፍ፦ እኔ ምን አውቄ? ከሶኬቱ አይደል የሚመጣው?

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ቀልዱን ተው! ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ናቸው!

ወናፍ፦ ያ ቧንቧ ከኔ ምድጃ የሚወጣውን ጋዝ ይወስዳል። ጋዙ ቦይለሩን ያፈላል፣ እንፋሎቱ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ሶኬትህን ይቀልባል። ሁለቴ ልነግርህ ነበር።

ሊቁ፦ (ራሱን ይዞ) ወይኔ! አጠፋኸው? አለቀልኝ!

ወናፍ፦ ሃያ ዓመት ያነደድኩትን? ሞኝህን ፈልግ! የቧንቧውን መዝጊያ ብቻ ነው የጠመዘዝኩት።

ሊቁ፦ ክፈተው! እግርህ ላይ ልውደቅ!

ወናፍ፦ ተው፣ ጥቀርሻ ነው፤ ጋዋንህ ይቆሽሻል። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ምድጃ በምን ይሠራል?» ቢሉህ ምን ትላለህ?

(በሩ ተንኳኳ። ሊቁ ወደ ጥጉ ሮጠ። የወረወረውን አካፋ አነሳ፣ በነጭ ጋዋኑ ወለወለው፣ አዲሱ ምድጃ ላይም በክብር አስደገፈው።)

ሊቁ፦ በጋሼ!