ቦራ የላሰችው መስኮት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ባቲ ገበያ ወርጄ ነበር። ግመሎቹ ካፖርት ለብሰው፣ መነጽር አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጋዴዎቹ ተንበርክከው አሞሌ ጨው እየተጫኑ ያጉረመርማሉ። ዶሮዎች ሰውን እግሩን አስረው፣ ዘቅዝቀው ይዘው ዋጋ ይከራከራሉ። እኔ ምን ገዶኝ! ላሜን ቦራን ፍለጋ ነው የመጣሁት።

አንድ ቤት ውስጥ ታስራ አገኘኋት። የቤቱ መስኮት ከጨው የተጠረበ፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። በሩ ላይ ሽማግሌ ግመል ቆሟል።

«ላሜን ፍታልኝ» አልኩት።

«መስኮት ልሳ ነው የታሰረችው» አለ እያመነዠከ። «የፊተኛውን ጨርሳዋለች፤ ይኼ ሁለተኛው ነው።»

«ማን በጨው ሥሩ አላችሁ? መስታወት ጠፋ?»

«መስታወት ሙቀት ይጋርዳል፤ ጨው ያሳልፋል። እዚህ አገር ሰው በመልኩ አይታወቅም፤ በሙቀቱ ነው።»

ሕጉንም ነገረኝ። መስኮቱ ፊት እቆማለሁ፤ ቦራ ከወዲያ ሆና ሙቀቴን ካወቀችው ትፈታለች። ግን ጨው እርጥበት አይችልም። ተናግሬ ትንፋሼ ካሟሟው፣ ቦራን ልርሳት።

እኔ አፌን ልዘጋ! ከተወለድኩ ሞክሬው አላውቅም። ለቦራ ስል ግን ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ቦራ ጆሮዋን አቆመች። እምቧ ልትል አፏን ስትከፍት ግመሉ ጣልቃ ገባ።

«አንቺ ጨዋ ነሽ?»

ኮራ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ራሷ አመነች!» ብሎ ጮኸ። «በሊቃውንቱ አፍ ጨዋ ማለት ያልተማረ ነው!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ ተዘቅዝቀው የተያዙት እንኳ ሳቁብኝ።

«የጨዋ ልጅ ነኝ፣ አንተ ጎባጣ! አባቴ እንዳንተ ያለውን ስንቱን በአለንጋ ነድቶታል!»

ትንፋሼ መስኮቱን ጉም አለበሰው። ጨው ሲሰበርም ሥርዓት አለው፤ እንደ ተቆረጠ ሳሙና ቀጥ ቀጥ ብሎ ባራት ማዕዘን ተሰነጠቀና ወለሉ ላይ ውኃ ሆነ።

«ያዟት!» አለ ግመሉ።

ማን ይዟት! ቦራ በክፍቱ ዘላ ወጣች። ምላሷን አንጠልጥላ ወደ እኔ ስትሮጥ...

ነቃሁ። ነግቷል። ጣሪያው ሲያንጠባጥብ አድሮ፣ ከቦራ ደብቄ ከራስጌዬ ያኖርኩት አሞሌ ሟሙቶ ትራሴን አርሶታል። ቦራ ገመዷን በጥሳ መጥታ ትራሱን ልሳ ጨርሳ፣ አሁን ጉንጬን መላስ ይዛለች። በዚያ እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሷ!

ጩኸቴን የሰማችው ጎረቤቴ ሰይዳ ካጥሩ ወዲያ ተጣራች።

«እትዬ ይመኙሻል! ምን ሆነው ነው በጠዋቱ?»

«ምንም! ቦራ ጨዋ መሆኔን ቀምሳ እያረጋገጠች ነው!»