ጋሼ በላይነህ እና የሸጋው መታጠብ

ቧንቧ የሌለው ግቢ አይቻለሁ፤ መብራት የሌለውም አይቻለሁ። ሁሉን አዋቂ የሌለበት ግቢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለት ቤት ጎን ለጎን ከተሠራ፣ በአንደኛው ሁሉን አዋቂ ይገባበታል፤ ሌላውን ደግሞ የምክሩን መከራ የሚበላ ሰው ይከራየዋል። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

የደብረ ታቦሩ ግቢያችን ሁሉን አዋቂ ክቡር አቶ በላይነህ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ እንስሳት ክሊኒክ ጥበቃ ነበሩ። ከበሩ አልፈው ገብተው አያውቁም፤ ሕክምናውን ግን እዚያው በር ላይ ቆመው ተምረው ጨርሰዋል። ሶኬት ሲቃጠል፣ ሊጥ አልነሣ ሲል፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ዱላቸውን ተደግፈው ብቅ ይላሉ። «ይች ምን አላት? ቀላል ናት!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይከብዳል።

የእኔ ጣጣ ሸጋው የሚባል ውሻ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ በዝናብ ተከትሎኝ መጥቶ እዚያው ቀረ። የነሐሴ ጭቃ ሲጠግብ ግን ሽታው ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባ ጀመር። አከራያችን እትዬ ስርጉት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው መጡ።

«አስተማሪዋ፣ ለቡሄ ከአንበሳሜ እንግዳ ይመጣብኛል። እስከዚያ ካላጠብሽው ውሻውን ከግቢዬ አስወጣዋለሁ።»

ሸጋው ደግሞ ሳፋ ያየ እንደሆነ አልጋ ሥር ገብቶ ያለቅሳል።

«ቀላል ነው!» አሉ ጋሼ በላይነህ፣ ውሻው እንዳይነካቸው ራቅ ብለው ቆመው። «ውሻ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠብ። ድንገት ድፊበት!»

ደፋሁበት። ሸጋው እኔን ሳፋው ውስጥ ጥሎ አጥር ዘለለ፤ ሲመለስ የሰፈሩን ጭቃ ሁሉ ተሸክሞ ነበር።

በማግስቱ ምክሩ እንዶድ ሆነ። «ቁንጫውን ድራሹን ያጠፋዋል» አሉኝ። አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስጮህ፣ እሳቸው «አየሽ፣ እየሠራ ነው!» ይላሉ። ቁንጫውን ምንም አልነካው።

ተስፋ ቆርጬ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አንዲት ሴት «ውሻችሁ መታጠብን እንዲወድ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ፤ በለስላሳ ድምፅ እያናገራችሁ ሥጋ አጉርሱት» ትላለች። ለጋሼ በላይነህ ብነግራቸው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት።

«ጉቦ! ውሻ በጉቦ አይታጠብም! የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል፤ እኔ እዚህ ቆሜ ስልክ ትጠይቂያለሽ?»

ደግሞስ ሥጋ ከየት ይመጣል? ፍልሰታ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። እትዬ ስርጉትም በጾም ፍስክ የሚባል ነገር ለሰውም ለውሻም በግቢያቸው በር እንዳያልፍ አውጀዋል። ዳቦ ሞከርኩ፣ ቆሎ ሞከርኩ። ሸጋው አሸተተና እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱን አዞረ።

የቡሄ ዋዜማ ደረሰ። እትዬ ስርጉት ቅዳሴ ሄደዋል። ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ያንን ውሻ እወደው ነበር።

ጋሼ በላይነህ መጡ። ግራና ቀኝ አይተው ከኮታቸው ኪስ ተቀቅሎ የተላጠ ትኩስ እንቁላል አወጡ።

«ምን ታዪኛለሽ? ውሃውን አሙቂው እንጅ! ያን ለስላሳ ድምፅሽንም አምጭው።»

ዱላቸውን ጥለው ቁጢጥ አሉ። ውሻ ነክተው የማያውቁት ሰው እየቆረሱ ያጎርሱት ጀመር። ሸጋው ሳፋው ውስጥ ቆሞ ጣታቸውን ሲልስ እኔ ከጆሮው እስከ ጭራው አጠብኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም።

እትዬ ስርጉት ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን ዓይናቸው ያረፈው በንጹሑ ውሻ ላይ አልነበረም። በጋሼ በላይነህ ደጃፍ ላይ የወደቀ የእንቁላል ቅርፊት ነበር ያዩት።

«በስመ አብ! በፍልሰታ እንቁላል የበላ ማነው?» ብለው ጮኹ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

የውሻው ነው ብል ሸጋው ያኔውኑ መባረሩ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ በላይነህ።

ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጾም ገድፈው እንደማያውቁ ላገኙት ሁሉ የሚነግሩት ጋሼ በላይነህ!

«አያ በላይነህ፣ እርስዎ?» አሉ እትዬ ስርጉት።

«ራበኝ፤ በላሁ» አሉና ቤታቸው ገቡ።

ሸጋው ከእኛ ጋር ቀረ። ጋሼ በላይነህን ግን ከዚያ ወዲህ ምክር የሚጠይቃቸው የለም። ገና «ቀላል» ሲሉ ጎረቤቶቹ «ጾም የገደፈ ሰው ምን ያውቃል?» ብለው ያልፏቸዋል። ደጃፋቸው ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ሳይ አንጀቴን ይበሉታል።

ትናንት የቤቴ ቁልፍ ትንሽ አስቸገረኝና ጠራኋቸው። እየሮጡ መጡ። አሁን በሩ ጭራሽ አይዘጋም። ነገ መስኮቱን አሳያቸዋለሁ።