አባባ ወልደጻድቅን የመቅደም ዜና

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መብራት ሄዶ በሚመለስበት፣ ኔትወርክ ግን ሄዶ በሚቀርበት ዘመን፣ ይትባረክ ወልደ እማዋይሽ፣ የፊሽካ ጌታ፣ የኳስ ሜዳ ጠባቂ፣ የሚዛን ተፈሪ የስፖርት መምህር፣ የክረምት ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ለስፖርት ሳይንስ ማስተርሱ የመመረቂያ ጥናት ብቻ ሲቀረው፣ ከሩቁ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ወደ አገሩ ገባ። በይእቲ ዕለት ዝናብ ዘነበ። በሚዛን ያልዘነበበት ቀን የቱ ነው እንዳትሉኝ ልጆቼ፤ ዜና ጸሓፊ የሆነውን መጻፍ አለበት።

ጥናቱም ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ የሚውል ነጋዴ ሁለት ወር ጧት ጧት ቢሮጥ ጉልበቱ ምን ያህል ይጨምራል የሚል ነበር። ለዚህም ሰዎቹን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አሩጦ እያንዳንዱ የደረሰበትን መለካት፣ ከሁለት ወር በኋላም እንደገና አሩጦ መለካት ነበረበት። ስለዚህ በገበያው መካከል ቆሞ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «በርጩማ ላይ ያለህ ተነሥ! ጉልበትህ የዛገብህ ና! ፊሽካው ከኔ፣ ላቡ ካንተ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም።

ወእምዝ የእድሩ ዳኛ አባባ ወልደጻድቅ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ ከማጂ እስከ ቴፒ በእግራቸው የነገዱ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ የሞተ አስቀባሪ፣ ከዘራቸውን አንሥተው ዐወጁ፦ «ልጃችን ሊማር ነው። እኔ እሮጣለሁ። የሚቀር ይቅር፤ እኔ ግን ማን እንደቀረ አያለሁ።» ይህን ጊዜ ገበያው ሁሉ ተነሣ። ማር ሻጯ በየነች ቀሚሷን በመቀነት ሸብ አድርጋ መጣች፤ የኮረሪማው ሬድዋን ሽታው ከርሱ ቀድሞ እየደረሰ መጣ፤ ልብስ ሰፊው እንድርያስ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መጣ፤ ሌላውም ነጋዴ በየወገኑ ተከተለ፤ በመጨረሻም ማንም ያልጠራቸው ሁለት ውሾች መጡ።

ፊሽካውም ተነፋ፣ አባባ ወልደጻድቅም ከዘራቸውን ይዘው ቱስ ቱስ ማለት ጀመሩ፣ ሠራዊቱም ሁሉ ከኋላቸው ቱስ ቱስ አለ። ታላቅ ሰው እያለ ማን ከፊቱ ይቀድማል? ዐሥራ ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ቀብር ሸኚ ተሰብስቦ ከሽማግሌው ጀርባ አንድ ቦታ ቆመ። ከውሾቹ በቀር የቀደማቸው አልነበረም።

ይትባረክም ልኬቱን ለአማካሪ መምህሩ ላከ፤ መልሱንም ለመስማት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣ፤ ከስልኩም እንዲህ የሚል አዋጅ ወረደበት፦ «ሰው ሁሉ እኩል የሮጠበት አገር የለም። ይህ አልጋ ላይ ተኝተህ የጻፍከው ቁጥር ነው። እውነተኛ ልኬት ካላመጣህ ጥናትህ ይሰረዛል፤ ጋዋኑንም በሰው ላይ ታየዋለህ።»

የፊሽካው ጌታ ተጨነቀ። ሽማግሌውን ላስቀር ቢል፣ በእሳቸው ቃል የመጣው ሁሉ በእሳቸው እግር ይመለሳል። ለየብቻ ላሩጥ ቢል፣ ሬድዋን አባባ የት እንደደረሱ አስቀድሞ ይጠይቅና ከዚያች ስንዝር ዝቅ ብሎ ይቆማል። እባካችሁ ቅደሟቸው ብሎ ቢለምን፣ በየነች በገበያው ስም ዐወጀች፦ «ባሌን የቀበሩልኝ፣ ከልጄ ያስታረቁኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ቀድሜ በየትኛው ዓይኔ ገበያ ልወጣ? ይትባረክ ማር ቢል ማር እሰጠዋለሁ። ይህን ግን አይበለኝ።»

ከሁሉም የከፋው፣ አባባ በዚያ ሰሞን በየደረሱበት «ጉልበቴ ተመለሰ፤ የሚቀድመኝ ጠፋ» እያሉ ይስቁ ነበር። እውነቱን መንገር ከዲግሪው ይልቅ ለይትባረክ ከበደው። ደጃቸው ሄዶ ይቆማል፣ ደኅና ዋሉ ብሎ ይመለሳል። እንዲህ ደጅ ሲጠና ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ዝናብ ከታዛቸው በታች አስጠለለውና መሄጃ ስላጣ ሁሉን ነገራቸው። እሳቸውም ዝናቡ ሲያባራ እስከ መንገዱ ሸኙት።

በማግሥቱ ግን ኳስ ሜዳው መካከል ቆመው ዐወጁ፦ «ስሙ። ጉልበቴ የተመለሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የመለሳችሁልኝ እናንተ ናችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ግን ፊሽካው ተነፍቶ ያልቀደመኝ ሰው፣ የሞትኩ ዕለት ቃሬዛዬን እንዳይነካ።»

ታላቅ ፍርሃትም ሆነ። ፊሽካው ሲነፋ በየነች ጎንበስ ብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ እግራቸውን የምትስም እየመሰለች አለፈች። ሌላውም እየሰገደ አለፈ። በሁለተኛው ዙር ስግደቱ አጠረ፤ በሦስተኛው እንድርያስ ሜትሩን እያውለበለበ ሲበር፣ ሬድዋን ደግሞ ሽታውን ወደኋላ ጥሎ ሲሄድ ታየ። ፊሽካው ዳግመኛ ሲነፋ ሁሉም በየደረሰበት ችካል ተከለ፤ የአባባ ችካል ከሁሉም ኋላ ብቻውን ቀረ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ፣ ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሁለቱን ወርም በጭቃውና በጉሙ ሮጡ፣ እንደገናም ተለኩ። ይኸኛውን ልኬት ያየው አማካሪ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ ኋላ ሆኖ ሳለ ከቀድሞው ጉልበቱ ከሁሉ አብልጦ የጨመረው ይህ ሰው ማን ነው አለ። ይትባረክም ከጉብታው ላይ ሆኖ «አባባ ወልደጻድቅ» አለው።

በሚቀጥለው ዓመት ተመርቆ ሲመለስ ገበያው እስከ መናኸሪያው ወጥቶ ተቀበለው፤ ጋዋኑንም አልብሰው፣ ዛሬ የክብሩ ባለቤት አንተ ነህና ከፊት ምራ አሉት። አባባም በከዘራቸው መንገዱን አሳዩት። እርሱ ግን ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ከአባባ ወልደጻድቅም ጀርባ ቆመ።

ቱስ ቱስ እያሉ ወደ ከተማው ገቡ።

ምስጋና ለይትባረክ ይሁን፣ ዝናብ ላልመለሰው፣ አማካሪ ላላስቆመው፤ ሕዝቡን መቅደም አስተምሮ፣ እርሱ ግን አባባን ላልቀደመው።