የሲቀላው አሰልጣኝና የዙሁራ እግር

በየሰፈሩ ሮጦ የማያውቅ አንድ አሰልጣኝ አይጠፋም። ለሲቀላ ገበያ የደረሰው ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪያስ ነው። ሆዱ ከስፌት መኪናው ቀድሞ ደንበኛ ይቀበላል። ባጃጅ ካመለጠችው ቆሞ ሌላ ይጠብቃል እንጂ አንድ እርምጃ አይከተላትም። ነገር ግን በቴሌቪዥን የታየ የአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ አምልጦት አያውቅም፤ ማን በስንተኛው ዙር አፈትልኮ እንደወጣ፣ የማን ቁርጭምጭሚት መቼ እንደታመመ በቃሉ ይዘረዝራል። ገበያተኛው «ክቡር አሰልጣኝ» ይለዋል፤ እሱም ቀልዱን እንደ ሹመት ተቀብሎታል።

ምክሩ ለማንም አይቀርም። የሙዝ ነጋዴው ኦይታ የጭነት መኪናው ኩልፎ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮበት ሲበሳጭ፣ «ተገፍትሮ የወደቀ ሯጭ በአንድ ዙር ልድረስባቸው ካለ አለቀለት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚደርስባቸው» አለው። ኦይታ ሙዙ ቀስ ብሎ እንደማይበላሽ ሊያስረዳው ሞክሮ ተወው። ለሠርጓ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ልጅ ደግሞ ስለ አማቷ ብታማርር፣ ስለ ትንፋሽ አያያዝ ሩብ ሰዓት ሰምታ ሄደች።

ከሁሉ ይበልጥ የሰለቻት ግን ከጎኑ ጨርቅ የምትሸጠው ዙሁራ ነበረች። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው በሠሩበት ሃያ ዓመት ከአፉ የሰማችው ሩጫ ቢደመር አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

«እርስዎ ራስዎ መቼ ነው የሚሮጡት፣ ጋሽ እንድሪያስ?» ትለዋለች።

«ሁሉም ከሮጠ ማን ሊያይ ነው?» ይላታል፣ ክሩን መርፌው ውስጥ እያሾለከ።

ባለፈው ክረምት ዙሁራ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና ቀኝ እግሯ ጉልበቷ አጠገብ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታላት ሐኪሙ በየቀኑ ጉልበቷን እንድታጥፍና እንድትራመድ፣ ያለዚያ እንደ እንጨት ደርቆ እንደሚቀር ነገራት። ሦስት ቀን ሞከረች። ሕመሙ ዓይኗን አጨለመባት። በአራተኛው ቀን ክራንቹን ሳሎን ከተዘረጋላት አልጋ ሥር ገፍታ ተኛች። ልጇ ኢኽላስም እናቷ ስታለቅስ ማየቱን አልቻለችም። «እማ፣ ሱቁን እናከራየው። አንቺ ከዚህ በኋላ እረፊ» አለቻት። ዙሁራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኢኽላስ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወስዳ ተከራይ መፈለግ ጀመረች።

ወሬው ገበያ በደረሰ ማግስት ጋሽ እንድሪያስ ደብተርና የልብስ መለኪያ ሜትሩን ይዞ መጣ። ዙሁራ ስለ ወርቅ ሜዳሊያ ልትሰማ ጥርሷን ነከሰች። እሱ ግን ሰላምታውን እንደጨረሰ በርከክ ብሎ ከአልጋው እስከ በሩ ለካ።

«አራት ሜትር ከሃያ» አለ። ከዚያ የጨርቅ ጠመኔውን አውጥቶ አንድ ሜትር ላይ መሥመር አሰመረ። «ለዛሬ እዚህች ድረስ።»

«አንድ ሜትር? ሊያላግጡብኝ ነው የመጡት?»

«ትልቁ ሯጭም ከጉዳት ሲመለስ በዚህ ነው የሚጀምረው። ስለ አርባ ሁለቱ ኪሎ ሜትር ካሰበ ከአልጋው አይነሣም።»

«እኔ ሯጭ አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«ሕመሙ ግን አንድ ነው» አላት።

ተነሣች። መሥመሩ ላይ ስትደርስ ላቧ ከሻሿ ሥር እየወረደ ነበር። ጋሽ እንድሪያስ አላጨበጨበም። ቀኑንና ርቀቱን ጽፎ ወደ ስፌቱ ሄደ። በነጋታው መሥመሩን አንድ ስንዝር ገፋው። በሰባተኛው ቀን ክራንቿን ይዛ ስትጠብቀው፣ «ዛሬ እረፍት ነው፤ እረፍትም ልምምድ ነው» ብሎ መልሶ አስቀመጣት፤ ቀኑን ሙሉ ተቆጥታ ዋለች።

አንድ ሳምንት ጉልበቷ አበጠና በሩ ጋ መድረስ የጀመረችው ሴት እግሯን ማንሳት አቃታት። ደብተሩን ልትቀድደው ስትል ከእጇ ወሰደው።

«የከፋውም ቀን ይጻፋል። ትልልቆቹ የተሸነፉበትን ሩጫ ደጋግመው ነው የሚያዩት። የምንደብቀው እኛ ነን።»

ዙሁራ ቀና ብላ አየችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያሾፈችበት ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ያጠናው ሜዳሊያውን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት።

ከበሩ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ አስፋልቱ ወጣች። በአራተኛው ወር ክራንቹን ጥላ ሱቋ ገባች። ሱቁን ሊይዝ የነበረውን ተከራይ ይቅርታ ጠይቃ የሸኘችው ራሷ ኢኽላስ ናት።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ፣ ጋሽ እንድሪያስ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ዙሁራ «ዛሬ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ» አለች። የሴቻን ዳገት ጤነኛውም በባጃጅ ነው የሚወጣው። አሰልጣኙ የእሑድ ኮቱን እንደለበሰ ከጎኗ ተሰለፈ። እስከ አጋማሹ ስለ ትንፋሽ አያያዝ አስተማራት። ከዚያ ትምህርቱ አጠረ፤ ቆየት ብሎም ጨርሶ ተቋረጠ። ዞር ስትል ጋሽ እንድሪያስ ወገቡን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ በላብ ርሷል፤ ከታች የተዘረጋውን ሐይቅ የሚያደንቅ ይመስላል።

«አባያ... ዛሬ... ቀልቷል፣ አይደል?» አለ።

አባያ ሁልጊዜም ቀይ ነው። የዙሁራ እግር ቅንጣት ሕመም አልነበረውም፤ ያን ቀን ሴቻን አልፋ መሄድ ትችል ነበር። ወደ እሱ ወረደችና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ትንሽ ብናርፍስ?»

ፈጥኖ አጠገቧ ተቀመጠ። ከቦርሳዋ ውኃ አውጥታ ሰጠችው። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና አፉን በመዳፉ ጠረገ።

«አይዞሽ» አላት። «በጣም ጥሩ እየሄድሽ ነው።»

«እሺ» አለች ዙሁራ፣ ጉልበቷን እያሸች።