የአሸዋው አዋላጅ

"ማዕበል ሆይ ቀስ በል፣ አሸዋው ተኝቷል…" ይልና የዙወይና ዘፈን እዚያው ላይ ይቆማል። ቀጣዩን ስንኝ የአያቷ መርከበኞች ይዘውት ሰጥመዋል መሰለኝ። እሷ ግን ጎዶሎውን በ"እምም" እየሞላች፣ ነፋሱ ጥቁር አባያ ቀሚሷን እንደ ሸራ እየወጠረው፣ ጎህ ሲቀድ በኦማኗ ደሴት በማሲራ ዳርቻ ታልፋለች።

በየባሕሩ ዳር ባሕሩን እሷ የወለደችው የሚመስላት አንዲት ሴት አትጠፋም። የእኛዋ ክብርት ዙወይና ናት፤ የአሸዋው ሹም፣ የኤሊዎች አዋላጅ። ድሮ ኤሊ የሚቆጥሩ ሰዎች ከዋና ከተማ መጥተው ነበር። እነሱ ሄዱ፤ ኤሊዎቹ ግን በየዓመቱ ይመጣሉ፣ እሷም ዱካቸውን ትከተላለች።

የእኛ የዓሣ አጥማጆቹ ፒክአፖች ጀልባ ሊጎትቱ ከመውረዳቸው በፊት ደርሳ፣ እንቁላል የተቀበረ ከመሰላት የዘንባባ ዝንጣፊ ትተክላለች። ነገ ደግማ እንዳትቆጥረው ዱካውን በተረከዟ ትሰርዘዋለች። ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ጎማ ካለፈበት የሚፈለፈሉት ትንንሾች ጎማው የተወው ቦይ ውስጥ ወድቀው ባሕሩን ሳያዩ ይቀራሉ፤ ይህን በእንቅልፋችን እንኳ ሸምድደነዋል።

"ቀስ፣ ወላድ አለች" ነው ሰላምታዋ። የባልደረባችን የሙሰለም ሰርግ ዕለት፣ አመሻሹ ላይ፣ አጃቢ መኪኖቹን አስቁማ መብራታቸውን አስጠፋች። ሙሽራው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "አክስቴ፣ ዛሬ እንኳ ይብራልኝ" ቢላት፣

"አንተን ሚስትህ ፈልጋ ታገኝሃለች። ጫጩቶቹ ግን መብራትህን ጨረቃ ብለው ሰው ኩሽና ይገባሉ" አለችው።

ሰርገኛው በድንግዝግዝ፣ በሹክሹክታ እየዘፈነ አለፈ። እንደዚያ ያማረ ሰርግ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ዘንድሮ ግን ዝንጣፊዋን ጀልባ በምንጎትትበት መንገድ መሐል ተከለችው። ሁለት ወር ገደማ ከመንገዱ ዳር ባሉት ድንጋዮች ዙሪያ ተጠማዘዝን። ጎማ ፈነዳ፣ ዓሣ ፀሐይ መታው። እንደ እኔ ያማረረ አልነበረም።

"አክስቴ፣ ይቺ ኤሊ እንቁላል ጥላ ነው ወይስ መሬት ገዝታ?"

"አንተስ እናትህ ሆድ ውስጥ ተኝተህ የለ? ማን አስቸኮለህ?"

ሌሎቹ ጎጆዎች ሁሉ ተፈልፍለው ወደ ባሕር ፈሰሱ። የእኛ መንገድ ዝም አለ። እሷም ማንጎራጎር ተወች። አንድ ማለዳ በፊታችን ተንበርክካ ቆፈረች፤ ክንዷ እስከ ብብቷ ገባ። አሸዋ ብቻ። ኤሊዋ ጉድጓዱን ምሳ፣ ሐሳቧን ቀይራ፣ ሳትጥል ተመልሳ ኖሯል።

ዙወይና ዝንጣፊውን ነቀለች። "ባዶ ነው፤ ጎትቱ" አለች ዓይናችንን ሳታይ። "ከእንግዲህ ቃሌን አትስሙ። እኔም አልተክልም።"

ስመኘው የኖርኩት መንገድ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ያለ እሷ ዝንጣፊ ያ ዳርቻ ለጎማ ብቻ የተሠራ መሰለኝ። ፒክአፔን አስነሳሁና መሪውን ወደ ድንጋዮቹ ጠመዘዝኩ። ጀልባዬ እየተንገጫገጨች ተከተለችኝ።

"አንተ፣ ባዶ ነው አልኩህ እኮ።"

"ይቺኛዋ ኤሊ ሐሳቧን ብትቀይር፣ የከርሞዋ ብትታዘበንስ?" አልኳት በመስኮት።

ሌሎቹም እየተራገሙ፣ አንድ በአንድ፣ ከኋላዬ ተሰለፉ።

ከድንጋዮቹ ማዶ፣ ከጀልባ ጥላ ሥር፣ ሩዝና ዓሣ ዘርግተን ሳለ እጇን እያራገፈች መጣች። ሙሰለም ቀና ብሎ አያት።

"ለከርሞ የት እንደምትተክዪ ከአሁኑ ንገሪን፤ ጎማ ልግዛ።"



"ደጃፍህ ላይ" አለችው። "አሁን ጠጋ በል።" ገፋ አድርጋው ተቀመጠችና የዓሣውን ራስ ወደ ራሷ ሳበች።