ጉልበቱ የዳነውን ሰውዬ ፍለጋ

ያልተጣራ ወሬ የማይሰሙ ሰው ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የእኔ ጎረቤት እንዲያ ናቸው። ጋሽ ዳዊት ጡረታ እስኪወጡ ጂንካ በመንግሥት ቢሮ ሪፖርት ሲያጣሩ ስለኖሩ፣ ዛሬም "ሶርስህ ማነው?" ሳይሉ ሰላምታ እንኳ አይቀበሉም።

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን ለአንድ የቱርሚ መስመር አይሱዙ ሾፌር፣ "የሽፈራው ቅጠል ከማር ጋር ተፈልቶ ቢጠጣ ለጉልበት ሳይበጅ አይቀርም" አሉት። ግምታቸው ነበር፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሾፌሩ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ላይ፣ "ጂንካ አንድ የተማሩ ሽማግሌ ይጠጡታል" ብሎ አወራ። ወሬው ሰኞ ቱርሚ ገበያ ሲደርስ ሽማግሌው ድነዋል። ቅዳሜ ደግሞ አንዲት ማር ነጋዴ ጂንካ ገበያ ላይ ለራሳቸው ለጋሽ ዳዊት ነገረቻቸው።

"ጋሼ፣ ሽፈራው በማር ይጠጡ። እዚሁ ጂንካ አንድ ሽማግሌ ጠጥተው፣ ዱላቸውን ጥለው ይሮጣሉ አሉ።"

"ሶርስሽ ማነው?"

"ቱርሚ ሁሉም ያውቃል። ቀይ አፈርም ይጠይቁ።"

ደውለው ጠየቁ። ቀይ አፈርም ያውቃል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? የሐኪሙን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ሽፈራው ማፍላት ጀመሩ።

ትናንት ዱላቸውን ተደግፈው፣ እያነከሱ ቤቴ መጡ።

"መረጃው በሁለት ወረዳ ኮንፈርም ሆኗል" አሉኝ። "የቀረኝ የዳነውን ሰውዬ አግኝቼ፣ በስንት ጊዜ እንደተሻለው መጠየቅ ነው። አንተ ታውቀዋለህ?"

"በመልክ አውቀዋለሁ" አልኳቸው። "ሲሮጥ ግን አላየሁትም።"